ማስተካከያ፦ ለሚደልብ በሬ የሚሰጥ የዩሪያ መጠን

ለፋሲካ ገበያ በሬ ለሚያደልቡ የጎንደር ዙሪያ አርቢዎች ባወጣነው ምክር «ለአንድ በሬ በቀን 200 ግራም ዩሪያ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት» ያልነው ስህተት ነው፤ መጠኑም፣ አሰጣጡም። እንደዚያ ከተደረገ በሬው ሊሞት ይችላል።

ዩሪያ ከቀኑ ደረቅ መኖ 1 በመቶ መብለጥ የለበትም። 250 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን 6 ኪሎ ገደማ ስለሚበላ ጣሪያው 60 ግራም ነው። እሱም በ15 ግራም ተጀምሮ በሦስት ሳምንት ቀስ እያለ የሚደረስበት እንጂ የመጀመሪያ ቀን መጠን አይደለም። የተጓጎለው ዩሪያ ተፈጭቶ ከፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር እኩል ይደባለቅ፤ ጠዋትና ማታ ተከፍሎ ይሰጥ። አንድ ጓል ብቻውን አንድ በሬ ላይ ከወደቀ ሚዛኑ ዋጋ የለውም። በውሃ የተበጠበጠው ደግሞ በአንዴ ስለሚገባ ጨጓራ ውስጥ ቶሎ አሞኒያ ሆኖ ወደ ደም ያልፋል፤ ለሃጭ፣ መንቀጥቀጥና የሆድ መነፋት ብዙ ሳይቆዩ ይታያሉ። ያኔ ከ2 እስከ 4 ሊትር ኮምጣጤ በብዙ ቀዝቃዛ ውሃ እያጠጡ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ለጥጃ ጨርሶ አይሰጥም።

«ዩሪያ የበላ በሬ ሥጋው ይመርዛል» ያልነውም ልክ አይደለም፤ በልኩ የተሰጠ ዩሪያ ለጨጓራ ተሕዋስያን የፕሮቲን መሥሪያ ይሆናል። በዩሪያ ተመርዞ የሞተ ግን አይበላም። ለሥጋው ይልቅ የሚያሰጋው ለገበያ ሲቃረብ የሚወጋው ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ መድኃኒት ነው፤ ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርድ መቆየት ያለበት፣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ብዛት ሳያልቅ በሬው አይታረድ።