እርሳሱማ ለሁሉም እኩል ነው

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ገባ። ተፈታኙ ግቢ ውስጥ አደረ፣ ስልክ ተከለከለ፣ ኩረጃው ደረቀ። ውጤቱ ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በ2015 ደግሞ 3.2፤ በ2016 ትንሽ ቀና አለና 5.4። ጨለምተኛው ይህን አይቶ «ልጆቹ አልተማሩም ማለት ነው» አለ። አስተዋዩ ግን ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ልጆቹ በበቂ ሁኔታ አልተፈተኑም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ሥር ፍለጋው ወደ ታች ቀጠለ። የ8ኛ ክፍል ክልል አቀፍ ፈተና ድሮም ነበረ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃን 6ኛ ላይ ሲቆርጠው ደግሞ 6ኛም ፈተናውን አገኘ። ቀጣዩ ተራ የ4ኛ፣ ከዚያም የ2ኛ ቢሆን አይገርመንም። አፀደ ሕፃናት ስንደርስ ሥሩ መገኘቱ አይቀርም፤ ካልተገኘም ወላጅን መፈተን ነው።

የክልል አቀፍ ፈተና ትልቁ ጸጋው እኩልነቱ ነው። በዚያች ቀን የባሕር ዳሩ ሽምብጥ ሰፈር ልጅና ጣና ላይ ያለችው የደቅ ደሴት ልጅ እኩል ጥያቄ፣ እኩል ደቂቃ፣ እኩል ኤችቢ እርሳስ ይደርሳቸዋል። ፈታኙ ከሌላ ትምህርት ቤት ይመጣል፣ ወንበሩ ይራራቃል፣ የታሸገው ጥቅል ተፈታኙ እያየ ይከፈታል። ከመስከረም እስከ ግንቦት ያለው ግን የየቤቱ ጉዳይ ነው። አንዱ መጽሐፉን ለብቻው ይዞ፣ ማታ ማታ አስጠኚ ተቀጥሮለት ይከርማል። ሌላው አንዱን መጽሐፍ ለአራት ይጋራል፤ ወይም መምህሩ ከቴሌግራም ያወረደውን ፒዲኤፍ ሰሌዳ ላይ ሲገለብጥ እሱም ደብተሩ ላይ ይገለብጣል። በጸጥታ ችግር ምክንያት ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ የከረመበትም አለ። እሱ ከምዕራፍ ሁለት አላለፈም፤ ፈተናው ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው ያዳርሰዋል። ለማንም አያዳላም።

የመልስ ወረቀቱን ደግሞ እንየው፤ ጥበብ ማለት እሱ ነው። የሚያርመው ማሽን አይራራም፣ አይጨክንም፤ የሚያየው ጥቁረት ብቻ ነው። ክቡ በደንብ ካልጠቆረ ባዶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ሐሳቡን ለውጦ የፊተኛውን መልስ አጥርቶ ካላጠፋው ሁለት መልስ ሰጥቷል ተብሎ ጥያቄው ዜሮ ይሆናል። ላጲስ የለም ብሎ በምራቅ የነካካው እንደሆነ ወረቀቱ ይሳሳል፣ ይበሳል። ጠርዝ ላይ የተሰለፉት ትንንሽ ጥቁር ምልክቶች ማሽኑ ረድፉን የሚያገኝባቸው ናቸው፤ እዚያ ላይ ስሙን ያሳመረ ልጅ ረድፉ ሁሉ ሊዛነፍበት ይችላል። ፈተናው የሚሰጠው ዝናብ በሚጀምርበት ሰሞን ነው። በጣና ላይ በጀልባ የሚጓዝ ጥቅል በላስቲክ ካልታሸገ እርጥበት ይገባውና ወረቀቱ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ ማሽኑም ሁለት ሦስቱን ባንድ ጊዜ ይጎትታል። እንግዲህ የ12 ዓመት ልጅ ክፍልፋይ ከማወቁ በፊት ክብ ማጥቆር ማወቅ አለበት ማለት ነው። ይህ የገባቸው ትምህርት ቤቶች ከሚያዝያ ጀምሮ ትምህርቱን ወደ ጎን ብለው «ሞዴል» የሚባለውን የልምምድ ፈተና በ«ሞዴል» ላይ ይደርባሉ። ፎቶ ኮፒ ቤቶችም የቆዩ ጥያቄዎችን እየጠረዙ ይሸጣሉ። ስድስት ዓመት ለተማረ ልጅ ሁለት ወር ማጥቆር ቢማር ምን አለበት?

ኩረጃን ለመከላከል የጥያቄው ጥራዝ በተለያየ ኮድ ይታተማል፤ ጥያቄው ያው ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን ይለያያል። ልጁ የያዘውን ጥራዝ ኮድ መልስ ወረቀቱ ላይ ያጠቁራል፣ ማሽኑም በዚያ ኮድ የመልስ ቁልፍ ያርመዋል። ኮዱን አሳስቶ ያጠቆረ ጎበዝ ተማሪ በሰው ጥራዝ ቁልፍ ይታረምና በጭፍን ከገመተው ልጅ እኩል ይሆናል። የጎረቤቱን መልስ ገልብጦ የራሱን ኮድ ያጠቆረውም እዚያው ይወድቃል። መልሱንም ኮዱንም የገለበጠው ግን የጎረቤቱን ውጤት ይዞ ቤቱ ይገባል። ፈተናው ሥራን እስከ ዳር ማድረስን ይሸልማል ማለት ነው፤ ግማሽ ኩረጃ ዋጋ የለውም። ፈታኙ ሲሰበስብ የጥራዙን ኮድ ከመልስ ወረቀቱ ጋር አንድ በአንድ ካመሳከረ ይህ ሁሉ ይቀር ነበር። ግን ደወል ተደውሎ፣ ልጁ ሁሉ በሩ ላይ ተጋፍቶ፣ ማን ቆሞ ያመሳክራል?

ጥያቄ አዘጋጆችንም ሳናመሰግን አናልፍም። አራት አማራጭ ባለው ፈተና ምንም የማያውቅ ልጅ ከ60 ጥያቄ በአማካይ 15 ያገኛል። ከአራቱ አማራጮች ሁለቱ ለቁጥር ማሟያ የገቡ ከሆኑ ግን ወደ 30 ይወጣል፤ ግማሽ አመጣ፣ አለፈ። «ዓባይ የሚወጣበት ሐይቅ የቱ ነው? ሀ. ጣና ለ. ብርድ ልብስ ሐ. ዝዋይ መ. ማንኪያ»። አጋነንን፤ ብዙ ግን አላጋነንም። ተማሪው በበኩሉ የራሱን ሕግ አውጥቷል፤ ረጅሙ አማራጭ መልስ ነው፣ «ሁሉም» የሚል ካለ እሱን ማጥቆር ነው፣ ጭራሽ ካልታወቀ ሐ። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ልጅ አካባቢ ሳይንስ ለምን ያነባል?

የፈተና ዝግጅት ሙያው የሚለው ሌላ ነው። ጥያቄው ከመታተሙ በፊት በጥቂት መቶ ተማሪዎች ላይ ይሞከራል። በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉት 27 በመቶና ከታች ያሉት 27 በመቶ ተለይተው መልሳቸው ይነጻጸራል። ጎበዞቹ የሳቱትን ጥያቄ ደካሞቹ ካገኙት ወይ ቁልፉ ተሳስቷል፣ ወይ ጥያቄው ሁለት መልስ አለው፤ ይወጣል። አምናን ከዘንድሮ ለማወዳደር ደግሞ በሁለቱም ዓመት የሚደገሙ ጥቂት ጥያቄዎች በምሥጢር መያዝ አለባቸው። ይህ ካልተደረገ «ውጤታችን ከአምናው ተሻሻለ» ሲባል የተሻሻለው ልጁ ይሁን፣ የቀለለው ፈተናው ይሁን አይለይም። አለመለየቱም በረከት አለው፤ ሪፖርት ጸሐፊው እጁ አይታሰርም።

«100 በመቶ አሳለፍን» የሚለው ባነር ሒሳቡ ቀላል ነው። ደካማውን 5ኛ ወይም 7ኛ ላይ ማስቀረት፣ እምቢ ካለም ለወላጅ መሸኛ ጽፎ «ሌላ ቦታ ይሞክሩለት» ማለት። አካፋዩ ሲቀንስ መቶኛው ይወፍራል።

ያለን አንድ ስጋት ብቻ ነው፤ አንዳንድ ሰው የቆየ ነገር ያስታውሳል። በ2002 ዓ.ም. በአገሪቱ በተካሄደ የታችኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና በአማራ ክልል ከአራት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ቢያንስ አንዱ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ምዘናው ከልጁ እርሳስም አይፈልግ፣ ማሽንም አይፈልግ። መምህሩ ልጁን አጠገቡ ያስቀምጠዋል፣ አጭር ምንባብ ይሰጠዋል፣ 60 ሰከንድ ይይዝበታል። የሳተውን ቃል እየሰረዘ ያነበበውን ይቆጥራል፤ በመጨረሻም ስለ ምንባቡ አምስት ጥያቄ በቃል ይጠይቀዋል። ይህ ጥቅምት ላይ ቢደረግ ራብዑና ኃምሱ ፊደል የሚምታታበት ልጅ ይለያል፣ ለመታገዝም ስምንት ወር ይተርፈዋል። የክልሉ ፈተና ውጤት ግን የሚመጣው ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ልጁ ክፍሉን ለቆ፣ መምህሩም ለሌላ ክፍል ተደልድሎ ሳለ ነው። ካርዱም «ሒሳብ 42» ይላል እንጂ ልጁ ማካፈል ይሁን አስርዮሽ የከበደው አይናገርም።

ቢሆንም የአንድ ደቂቃው ምዘና ጉድለቱ ብዙ ነው። በፖሊስ አይታጀብም፣ ባነር አያሰቅልም። የጣቢያ ኃላፊ የለው፣ ሱፐርቫይዘር የለው፣ አጓጓዥ የለው። አንድ መምህርና አንድ ሕፃን አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሲያነቡ ውለው አበሉ ለማን ሊወራረድ ነው?