የመጀመሪያው ቁጣ ዳኛ አይሁን

ስለ አደባባይ ሐውልቶች ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ሕዝብ ያልወደደው ሐውልት ወዲያው ይነሳ» ይላል፤ ይህ ሐሳብ አልተዋጠልኝም። እ.ኤ.አ. በ1981 የተማሪዋ የማያ ሊን ንድፍ ለዋሽንግተኑ የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ሲመረጥ፣ «የውርደት ጠባሳ» ብለው ካወገዙት ውስጥ ራሳቸው ዘማቾቹ ነበሩበት። ዛሬ ሰው የሞቱት ወታደሮች ስም ከተቀረጸበት የጥቁር ግራናይት ድንጋይ ግድግዳ ፊት ቆሞ የሟቹን ስም በጣቱ ይዳብሳል፤ ወረቀት ደግፎ በእርሳስ እያሸ ስሙን አትሞ ይወስዳል። ያኔ ቁጣው ቢሰማ ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር!

ቀራፂው ሪቻርድ ሴራ በኒውዮርክ አደባባይ ያቆመው ሥራ ግን ሌላ ነው። 36 ሜትር ገደማ የሚረዝም የብረት ግድግዳ አደባባዩን ለሁለት ከፍሎ በአካባቢው የሚሠራውን ሰው በየቀኑ ዙሪያ ጥምጥም ያስኬደው ነበር። የእነዚያ ሰዎች ምሬት ይገባኛል። ግድግዳው እ.ኤ.አ. በ1989 ተነቀለ። የሚያንገበግበኝ፣ ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ መድረክ የተከፈተለት በ1985፣ ሥራው ከተተከለ ከአራት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።