የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ማን፣ መቼ ይየው?

ቤተ ክርስቲያን ሊሠራበት የታሰበውን ባዶ መሬት ምእመናን ሁሉ ሄደው ይዩት ወይስ ጉዳዩ ለሕንፃ ኮሚቴው ይተው በሚለው ላይ የአንድ ጉባኤ ሰዎች ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። ክርክሩ ቁም ነገር የበዛበት ስለነበር እንደ ሰማሁት አቀርበዋለሁ።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሆኑ አዛውንት አሳባቸውን ሲገልጹ፣ «መሬት የሚመረመረው በጥቂት ሰዎች ነው» አሉ። «ነህምያ ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ የፈረሰውን ቅጥር ዞሮ ያየው በሌሊት፣ ጥቂት ሰዎችን ብቻ አስከትሎ፣ በልቡ ያለውንም ለማንም ሳይናገር ነበር።»

አንዲት እህት ይህን አልተቀበለችም። «አባቴ፣ ታሪኩን እዚያ ላይ አያቁሙት። በዚያው በምዕራፍ 2 ነህምያ ሕዝቡን ለሥራ የጠራው በዓይናቸው የሚያዩትን ጉስቁልና አንሥቶ ነው። ከኑሮው ቀንሶ ለዓመታት የሚሰጥ ሰው ስጦታው የሚውልበትን ምድር ቆሞ ሊያየው አይገባም?»

በግንባታ ሥራ የቆየ ወንድም ግን ዓይን ብቻውን እንደማይበቃ አስረዳ። እንደ እርሱ አነጋገር፣ በርጥበት ጊዜ የሚያብጥና በድርቅ ጊዜ ተኮማትሮ የሚሰነጠቅ የሸክላ አፈር በደረቅ ቀን ለቆመበት ሰው ጠንካራ ምድር ይመስለዋል፤ ጠባዩ የሚታወቀው ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ሲመረመር ነው። ለዚህም በእንግሊዝ አገር የሚገኘውን የዊንቸስተር ካቴድራል ጠቀሰ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1079 ግንባታው የተጀመረው ይህ ሕንፃ ረግረጋማና ውሃ አዘል መሬት ላይ በመቆሙ ከዘመናት በኋላ ግድግዳው ተሰነጣጠቀ፤ ከ1906 እስከ 1911 ድረስም ዊልያም ዎከር የተባለ ጠላቂ ከሕንፃው ሥር ባለው ጨለማ ውሃ ውስጥ እየገባ መሠረቱን ሲያጠናክር ቆየ።

«ምርመራው ይደረግ፤ እኔ አልተቃወምኩም» አለች እህት። «ነገር ግን በምርኩዝ የሚሄዱ እናት ዳገቱን መውጣት መቻላቸውን የቤተ ሙከራ ውጤት አይነግረንም። የድምፅ ማጉያችን ወደ ማን መስኮት እንደሚዞር፣ በዝናብ ጊዜ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቁትም በአካባቢው የሚኖሩ ናቸው።»

አዛውንቱም፣ «ብዙ ሰው ሲያይ አሳቡም ይበዛል፤ ሥራው አይጀመርም» ሲሉ መለሱ። በመጽሐፈ ዕዝራ ምዕራፍ 3 የቤተ መቅደሱ መሠረት በተጣለ ጊዜ የቀድሞውን ቤት ያዩት ሽማግሌዎች ሲያለቅሱ ሌሎቹ በደስታ ይጮኹ እንደነበርና የልቅሶውን ድምፅ ከእልልታው መለየት እንዳልተቻለ አስታወሱ። እርሷም፣ «ያለቀሱትን ግን ወደ ቤታችሁ ሂዱ ያላቸው አልነበረም» አለች።

በእኔ እምነት አዛውንቱ ምርመራው በጥቂቶች ይጀመር ማለታቸው ትክክል ነው፤ በዚያው ይለቅ ማለታቸው ግን ስሕተት ነው። ከሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄ፣ ጉብኝቱ መቼ ይሁን የሚለውን፣ ሦስቱም በቅጡ አላነሡትም። ክፍያው ተፈጽሞ፣ ንድፉ አልቆ፣ የመሠረት ድንጋይ ሊቀመጥ ሲል ሕዝብ ወደ ቦታው ቢወሰድ የተወሰነውን ሊሰማ እንጂ ሊመክር አልሄደም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሣራውን እንደሚቈጥር የተናገረው ለሚሠሩት ሁሉ የተሰጠ ምክር ነው፤ ወጪው የሁሉም ከሆነ ቈጠራውም የሁሉም ሊሆን ይገባል።

ስለዚህ የአፈሩ ምርመራ፣ የወሰኑና የይዞታው ማስረጃ፣ በቦታው የአምልኮ ቤት ለመሥራት የተሰጠው ፈቃድ በጥቂት የታመኑ ሰዎች አስቀድሞ ይጣራ። ከዚያም የግዢው ውል ከመፈረሙ በፊት ጉባኤው ሁሉ፣ አረጋውያንና በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱትም ጭምር፣ አምልኮ በሚደረግበት ሰዓት፣ የሚቻል ከሆነም ዝናብ በዘነበ ማግሥት ወደ ቦታው ይሂድ። የአዳራሹ ወሰን በካስማና በገመድ ምልክት ይደረግበት፤ በሩ የት እንደሚሆን ሰው በእግሩ ረግጦ ይወቀው። በዚያ የሚቀርበውም «ምራን» የሚል ጸሎት መልሱ ገና ባልተወሰነበት ሰዓት የሚጸለይ እውነተኛ ልመና ይሆናል። የተነሡትን አሳቦች አንድ ሰው ይመዝግብ፤ ኮሚቴውም ለእያንዳንዱ፣ መሬቱ ይቅርብን ለሚለውም ጭምር፣ ውሉ ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ መልስ ይስጥ።