ከአማካሪያችሁ አትደበቁ

ማስተርስ ወይም ፒኤችዲ እየተማረ ለከበደው ሰው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። በርታ፣ ጊዜህን አደራጅ፣ በደንብ ተኛ፣ ስፖርት ሥራ። ክፋት የለውም። ነገር ግን እኔ እንደማየው ብዙውን ተማሪ የሚጥለው የትምህርቱ ክብደት አይደለም፣ ዝምታ ነው። ተማሪው ከአማካሪው፣ ማለትም የመመረቂያ ጽሑፉን (ቴሲሱን) ከሚመራው መምህር፣ ይደበቃል፣ አማካሪውም የት ገባ ብሎ አይፈልገውም፣ በዚህ መሃል ወራት ይነጉዳሉ።

ነገሩ የሚጀምረው በትንሹ ነው። አማካሪው «ሁለተኛውን ምዕራፍ በሁለት ሳምንት ውስጥ ላክልኝ» ይላል። ሁለት ሳምንቱ ያልፋል፣ ምዕራፉ አላለቀም። ተማሪው «ግማሹን ከምልክ ጨርሼው ልላከው» ብሎ ያስባል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ አንዴ ዘግይቷልና ተራ ነገር መላክ ያሳፍረዋል፤ አሁን የሚልከው መዘግየቱን የሚያስረሳ፣ አንጀት የሚያርስ ጽሑፍ መሆን አለበት። ዛሬ ነገ ሲል አንድ አጭር ኢሜይል ትመጣለች፦ «ከምን ደረሰ?» ሁለት ቃል ናት። አይከፍታትም። ስልኩ ላይ የአማካሪውን ስም ባየ ቁጥር ልቡ ድው ይላል። ኮሪደር ላይ ድምፁን ከሰማ እግሬ አውጪኝ ብሎ በሌላኛው ደረጃ ይወርዳል። አማካሪው እኮ ምናልባት ምዕራፉን ጭራሽ ረስቶት ይሆናል፤ ስንት ተማሪ፣ ስንት ስብሰባ አለበት።

ይሄ ስንፍና አይመስለኝም። የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ፈተና አለ፣ ውጤት አለ፣ ሴሚስተር ያልቃል፤ ጥሩም ሠራችሁ መጥፎ የት እንዳላችሁ ቶሎ ታውቃላችሁ። ጥናት ላይ ይሄ የለም። ወራት የፈጀ ዳታ ሰብስባችሁ ጥያቄው ራሱ የማያስኬድ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። የምርምር ባሕርይ ነው፣ ግን «ይሄ ያለ ነገር ነው» የሚላችሁ ሰው አጠገባችሁ ከሌለ ጥፋቱን ወደ ራሳችሁ ትወስዱታላችሁ። እዚህ የደረሰው ሰው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ጎበዝ ሲባል የኖረ ነው። ፖሊን ክላንስ እና ሱዛን አይምስ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በትምህርትና በሥራ የተሳካላቸው ሴቶች «እስካሁን ሰው አታልዬ ነው፣ አንድ ቀን ይነቃብኛል» ብለው እንደሚሰጉ ገልጸው ነበር። ያ ስጋት ያለበት ሰው ያልበሰለ ድራፍት ለአማካሪ መላክ ማለት ራስን ማጋለጥ ይመስለዋል።

ብቻችሁን እንዳልሆናችሁ ግን እወቁት። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የቤልጂየም ጥናት በአገሪቱ ፍላንደርስ ክልል የሚገኙ 3,659 የፒኤችዲ ተማሪዎችን ጠይቆ፣ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ለአእምሮ ጤና ችግር የተጋለጠ ሆኖ አግኝቶታል። በዓመቱ ኔቸር ባዮቴክኖሎጂ መጽሔት ላይ የወጣው፣ 26 አገሮችን ያዳረሰው መጠይቅም ቢሆን፣ ጭንቀትና ድብርት ካለባቸው ተማሪዎች ብዙዎቹ ከአማካሪያቸው ጋር ያላቸው ግንኙነት ጥሩ እንዳልሆነ አሳይቷል። መጠይቁን የሞሉት በፈቃዳቸው ስለሆነ ውጤቱን በጥንቃቄ ማየት ይሻላል። የቤልጂየሙ ጥናት የሥራና የቤተሰብ ግጭትንም ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ አድርጎታል። ስለዚህ ማታ ልጅ አስተኝቶ ላፕቶፕ የሚከፍትን ሰው «ጊዜህን አደራጅ» ማለት፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስድብ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ያላለቀውን ላኩ። እንዳላለቀም ንገሩ። «ገና ነው፣ ክፍል ሁለት ላይ ተይዣለሁ፣ ሐሳብዎን የምፈልገው ናሙናው ላይ ብቻ ነው» ብላችሁ ከላካችሁ አማካሪው የሰዋስው ስህተት ሲለቅም አይውልም። የዘገያችሁም ከሆነ ረጅም የይቅርታ ደብዳቤ አትጻፉ። እሱን ስታሳምሩ ሌላ ሳምንት ይሄዳል። ቀጠሮውንም ሥራው እስኪያልቅ አታቆዩት፤ በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ በየሁለት ሳምንቱ ነው፣ የምታሳዩት ነገር ቢኖርም ባይኖርም። እንዲያውም ምንም በሌላችሁ ቀን ነው ቀጠሮው የሚያስፈልጋችሁ። ከተገናኛችሁ በኋላ የተስማማችሁበትን በሦስት መስመር ጽፋችሁ ላኩለት። ዛሬ «ይሄን ጨምርበት» ብሎ በሌላ ጊዜ «ይሄን ማን ጨምር አለህ?» የሚል አማካሪ ሞልቷል።

አማካሪው ራሱ ችግር የሆነበት አጋጣሚም አለ። ጽሑፍ ተቀብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚል፣ ሰው ፊት የሚያዋርድ። እንዲህ ያለውን ቻሉት አልልም። ዲፓርትመንቶችም እዚህ ላይ እጃቸው አለበት። ኮርስ ላይ ሦስት ቀን የቀረ ተማሪ ስሙ ይጠራል፤ ቴሲስ ላይ ሆኖ ለወራት የጠፋው ግን ጠያቂ የለውም፣ «እየሠራ ይሆናል» ይባላል። በሴሚስተር አንዴ ከአማካሪው ውጪ የሆነ መምህር ጠርቶ «እንዴት ነህ፣ የት ደረስክ?» ቢለው ብዙ ወጪ የለውም።

እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ለሳምንታት ከጠፋ፣ ወይም መኖር ራሱ ካስጠላ ግን ጉዳዩ የቴሲስ አይደለም፣ ሳይውል ሳያድር የሕክምና ባለሙያ ማየት ነው።

አማካሪ መቀየርም ነውር አይደለም። የሚያዋጣው ግን ገና በጊዜ ሲሆን ነው፣ ምክንያቱም አዲሱ ሰው ርዕሱን ሊነካካው ይችላል። መጀመሪያ ሊቀበላችሁ የሚችለውን መምህር አነጋግሩ፣ ቀጥሎ የፕሮግራሙን አስተባባሪ። ዳታው በቀድሞው አማካሪ ፕሮጀክት ገንዘብ የተሰበሰበ ከሆነም ልትጠቀሙበት መቻላችሁን ከመልቀቃችሁ በፊት በጽሑፍ አስጨርሱ።