መልስ የለኝም፣ ከረሜላ ውሰድ

እንግሊዝ አገር ያለን ሐበሾች ጣፋጭ ላይ ሁለት ጠባይ አለን። በአዘቦቱ ቀን «ስኳር ትቻለሁ» እንላለን። አገር ቤት ለመሄድ ሳምንት ሲቀረን ደግሞ ቅናሽ ካለበት ሱፐርማርኬት ወደ ሌላው እየዞርን ቸኮሌት እንሸምታለን። 23 ኪሎ የሚፈቀድለትን ሻንጣ ግማሹን በቸኮሌት የሚሞላ፣ ራሱ ቤት ግን አንዲት ፍሬ የማያስገባ ጓደኛ አለኝ። ለራሱ የሸሸውን ነገር ለእህቱ ልጆች አሳምሮ ጠቅልሎ ሲወስድ ቅር አይለውም።

ቤቱ አለማስገባቱ ግን ብልህነት ነው። የጣፋጭ አምሮት ከሆድ ይልቅ በዓይን ይነሳል፤ እጅ የሚደርስበት ቦታ ካለ ደግሞ ይብሳል። ቤት ውስጥ ከሌለ፣ በዚህ ዝናብ ካፖርት ደርቦ ሊገዛ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ሻይ ተጥዶ እስኪፈላ ብዙ ጊዜ አምሮቱም ይበርዳል።

እንግሊዞች ይህ ዘግይቶም ቢሆን ገብቷቸው ሕግ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ ትልልቅ መደብሮች ስኳር፣ ስብና ጨው የበዛባቸውን ምግቦች ገንዘብ መክፈያው አጠገብ፣ መግቢያው በር ላይና የመደርደሪያው ጫፍ ላይ መደርደር አይችሉም። በኤፕሪል 2018 ደግሞ የለስላሳ መጠጥ ቀረጥ ተጀመረ። ሲጀመር በ100 ሚሊ ሊትር 8 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር ያለው መጠጥ በሊትር 24 ፔንስ ይከፈልበት ነበር። ብዙ አምራቾች ቀረጡ ሳይደርስባቸው ስኳሩን ቀነሱ። ጠጪው በአንድ ሌሊት ጨዋ አልሆነም፤ የተለወጠው ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ማዕዘን ላይ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ግን የመደርደሪያው ሕግ አይነካቸውም። እኛ ደግሞ ከሌሊት ሥራ ስንወጣ ክፍት የምናገኘው እነሱን ነው።

የሌሊት ሥራ ካነሳሁ አይቀር፣ የኛ ሰው ዋናው ችግር እዚህ ላይ ይመስለኛል። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦ ገና ሲደርስ የታካሚ ቤተሰቦች ለምስጋና የሚያመጡት የቸኮሌት ቆርቆሮ የሠራተኞች ክፍል ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ይውላል። ያድራልም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ከወትሮው ይልቅ ጣፋጭና ቅባት ያምረዋል፤ ይህ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እጃችን ወደ ቆርቆሮው ሲሄድ «ደካማ ነኝ» ብሎ ራስን መውቀስ ምንም አይጠቅምም። ከሥራ በፊት ሽሮም ሆነ ምስር ጠግቦ መብላት፣ ቦርሳ ውስጥ ቆሎ መያዝ፣ ከተቻለም ቆርቆሮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ማስገባት ይሻላል። ቆሎ ጥርስ ያሠራል፤ ሳያስቡት አይዋጥም። አብረውኝ የሚሠሩት ፊሊፒናውያን ሳይቀሩ ለምደውታል።

አገር ቤት ስሄድ «እናንተ እዚያ ፋብሪካ የሠራውን ስትበሉ፣ እኛ የተፈጥሮ ነው የምንበላው» ይሉኛል። ስለ ምግቡ እውነት አላቸው። አክስቴም «ጣፋጭ ነገር አልወድም» ይላሉ፤ ኬክ ቢቀርብላቸው በእርግጥም አይነኩም። ነገር ግን በሲኒ ሦስት ማንኪያ ስኳር እያደረጉ በቀን አራት ጊዜ ቡናና ሻይ ይጠጣሉ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ስለሚይዝ ድምሩ 48 ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ ለአንድ አዋቂ ጣሪያ ያደረገው ወደ 50 ግራም ነው፤ ከ25 በታች ቢሆን ደግሞ ይመረጣል ይላል። አክስቴ ለስላሳ ሳይከፍቱ ጣሪያውን ነክተዋል ማለት ነው።

ስኳር የጎደለበት ሻይ ለእንግዳ ማቅረብ እኛ ዘንድ ስስት ይመስላል። ስኳር በቀበሌና በሸማቾች ሱቅ በወረፋ፣ በኪሎ ተመጥኖ ሲገዛ የኖረ ቤተሰብ፣ ሲገኝ በልግስና ማፍሰሱ አይገርምም። እንግሊዝም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ ስኳርን በራሽን ታድል ነበር፤ ያበቃው በ1953 ነው። ሳይንስ በተባለው መጽሔት በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በዚያ ራሽን ዘመን የተፀነሱና ሕፃንነታቸውን ያሳለፉ ሰዎች ኋላ ላይ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው 35 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። እኛ እጦት ያልነው ነገር ለእነሱ ልጆች ጠቅሟል። (ወረፋው ይመለስ ማለቴ አይደለም።)

ጾማችን ይገታናል የሚሉም አሉ። ጾም አምሮትን ማዘግየት ያስተምራል፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ሩብ ሰዓት መታገስ አያቅተውም። ነገር ግን ጾም የሚከለክለው ወተቱንና ቅቤውን ነው፤ ስኳሩን አይነካም። በዐቢይ ጾም የአዲስ አበባ ኬክ ቤቶችን ማየት ነው፦ የጾም ኬክ በመስኮቱ ሙሉ። ወተት ያለበት ቸኮሌት ሲቀር ለስላሳው ይበረክታል።

ከልጅነቴ የማስታውሰው የሰፈር ሱቅ፣ ባለሱቁ ሳንቲም ሲያጣ «መልስ የለኝም፣ ከረሜላ ውሰድ» ይል ነበር። ፍሬዋ አንዲት ስለነበረች ለወንድሜ በጥርሴ ሰብሬ አካፍዬዋለሁ። ዛሬ ትልልቆቹ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬቶች ገንዘብ መክፈያው ጋ ቸኮሌቱን በልጅ ቁመት ደርድረውታል፤ እንግሊዝ ከዚያ ያነሳችውን ማለት ነው። እኛም ከሻንጣችን እያወጣን እናግዛቸዋለን።

አሁን አሁን የሚመጣው ትእዛዝ ደግሞ ተለውጧል። ስኳር ያለባቸው አጎቴ በስልክ «ስኳር የሌለበት ቸኮሌት አምጣልኝ» አሉኝ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በስኳሩ ፋንታ ማልቲቶል የሚባል ማጣፈጫ አለባቸው። እሱም ቢሆን ከስኳር ያነሰ እንጂ የደም ስኳርን ከፍ ማድረጉ አይቀርም፤ ሲበዛ ደግሞ ሆድ ያሸብራል። ይህን ስነግራቸው «እንግዲያማ ምን አደከመህ፣ ደህናውን አምጣልኝ» አሉ። ሐኪማቸውን ጠይቀው በመጨረሻ የተስማማነው 70 በመቶ ካካዎ ባለው ጥቁር ቸኮሌት ላይ ነው፤ ከምሳ በኋላ አንዲት ቁራጭ ብቻ። ሳጥኑን የሚቆልፉት አክስቴ ናቸው። አጎቴ የቁልፉን ቦታ እየቀያየረች አስቸገረችኝ ብለው ይከሷቸዋል።