ግንዛቤ የጎደለው ዓሣ አጥማጁ አይደለም

ሐምሌ 19፣ የዓለም የማንግሮቭ (ባሕር ዳር በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅለው ዛፍ) ቀን በመጣ ቁጥር ያው ንግግር ይደገማል። ሰሞኑንም ከአንድ መድረክ «ማንግሮቭ የሚያልቀው የባሕር ዳርቻው ነዋሪ ግንዛቤ ስለሌለው ነው» ተብሎ ተጨበጨበ። መድኃኒቱም ወዲያው ታዘዘ፦ ሥልጠና፣ ባነር፣ ከዚያ ችግኝ ተከላ።

ማስረጃ ተብሎ የሚቀርበው መጠይቅ ነው። ጠያቂው የጥበቃ መሥሪያ ቤት አርማ ያለበት መኪና አቁሞ «ማንግሮቭ ይጠቅማል?» ይላል። «አይጠቅምም» የሚል ደፋር ከየት ይመጣል? በነጋታው ያው ሰው ለቤቱ ምሰሶ ሲቆርጥ ከታየ «አመለካከቱ አልተለወጠም» ተብሎ ይጻፍበታል። ማንግሮቭ ተመንጥሮ ለሚቆፈረው የሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ፈቃድ ማን ፈረመ? ምሰሶ የቆረጠው ሲቀጣ፣ ሔክታር ሙሉ በኤክስካቫተር የገለበጠው ስንት ከፈለ? ይህ መጠይቁ ላይ የለም።

ሸርጣን የሚለቅም ሰው የትኛው ዛፍ የት እንደሚቆም አሳምሮ ያውቃል። የማያውቁት ተካዮቹ ናቸው። ዘመቻው የሚመርጠው ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠውን ባዶ ጭቃ ነው፤ ባለይዞታ የለውማ፣ ለፎቶም ይመቻል። ማንግሮቭ የሚበቅለው ግን ከአማካዩ የባሕር ጠለል ከፍ ብሎ፣ ትልቁ ሙላት እስከሚደርስበት ባለው ጠባብ ቀበቶ ላይ ነው፤ ውኃ ሊሸፍነው የሚገባውም ከጊዜው ሢሶ ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ነው። ዝቅ ብሎ የተተከለ ችግኝ አብዛኛውን ሰዓት ተውጦ ይውላል፤ አየር ያጥረዋል፣ ሞገድ ይነቅለዋል፣ ዛጎል ለበስ ተጣባቂዎች ግንዱን ወርረው በክብደታቸው ያጎብጡታል። ዝርያውም ሌላ ጣጣ ነው። ራይዞፎራ የተባለው የማንግሮቭ ዓይነት በተካዮቹ የሚወደደው ዘንግ የመሰለው ቡቃያው እናት ዛፉ ላይ እንዳለ ስለሚበቅል ነው፤ ለቅሞ ጭቃ ውስጥ መሰካት ብቻ ነው፣ ችግኝ ጣቢያ አያሻም። በፊሊፒንስ ዳርቻዎች ግን ሞገዱን ከፊት ሆነው የሚጋፈጡት በተፈጥሯቸው አቪሴኒያና ሶኔራሺያ የተባሉት ሌሎች የማንግሮቭ ዓይነቶች ናቸው። እነሱን ማፍላት ጊዜና ልፋት ይጠይቃል፤ ዘመቻ ደግሞ ሁለቱንም አይወድም።

ውጤቱን እንይ። በስሪ ላንካ ከ2004ቱ (እ.ኤ.አ.) ሱናሚ በኋላ ከ1,000 ሔክታር በላይ ተተክሎ የጸደቀው 200 ሔክታር ገደማ ነው፤ ከተፈተሹት 23 ቦታዎች በ9ኙ አንድ ችግኝ እንኳ አልተረፈም። በፊሊፒንስ ለዓመታት ገንዘብ ፈስሶ የጸደቀው ከ10 እስከ 20 በመቶ ነው። ይህም የመንደሩ ሰው አመለካከት ይሁን?

የሚያዋጣው ሥራ ፎቶ አያምርለትም። የተተወ ኩሬ ክትሩ ይሰበራል፣ የተደፈኑ ቦዮች ይከፈታሉ፣ የመሬቱ ከፍታ በአቅራቢያው ካለ ጤነኛ ደን ጋር ይመሳከራል፣ ከዚያ ይጠበቃል። ዘሩን ባሕሩ ራሱ ያመጣዋል፤ በእጅ መትከል የሚያስፈልገው በአካባቢው እናት ዛፍ ከሌለ ነው። ችግሩ ኩሬው የሊዝ ውል አለው፤ ውል ከመሰረዝ ደግሞ ለዓሣ አጥማጅ ቲሸርት ማልበስ ይቀላል።

እንጨት ቆርጦ የሚሸጥ ነዋሪ የለም አልልም። በኬንያ ጋዚ ወሽመጥ ግን ከ2013 (እ.ኤ.አ.) አንሥቶ ሚኮኮ ፓሞጃ በተባለው ፕሮጀክት 117 ሔክታር ማንግሮቭ ነዋሪው ራሱ ይጠብቃል፤ ከካርቦን ሽያጭ (ደኑ አምቆ ለሚይዘው ካርቦን ከሚከፈለው) የሚገኘው ገንዘብ ለውኃና ለትምህርት ቤት ይውላል። ለሚቀጥለው ሐምሌ የሥልጠና በጀት ከተያዘ፣ የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች የኩሬ ፈቃድ ፈራሚዎቹ ይሁኑ። አሠልጣኝ ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም፤ ሸርጣን ለቃሚዎቹ አሉ።