ለዛሬ ማታ ይደርሳል አይደል?

ዋንጫና ሰርተፍኬት ለሁሉ በሚታደልበት በዚህ ዘመን አንድ ባለውለታ ተረስቷል። የማተሚያ ቤት ደንበኛ። የሌላውን የምስጋና ወረቀት በወርቅ ቀለም ሲያሳትም የኖረ፣ ለራሱ ግን ቁራጭ ስቲከር እንኳን ያልተለጠፈለት ሰው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ማተሚያ ቤት ዲዛይነር ነኝ። ከቤተሰቤ ይልቅ እሱን ነው የማየው። ስለዚህ ውለታውን መናገር የኔ ዕዳ ነው።

መጀመሪያ ጊዜ አጠባበቁን ላመስግን። ዝግጅቱ ነገ ጠዋት 2:30 ከሆነ ዛሬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከች ይላል። "ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚለውን ተረት እኛ ለወቀሳ እንጠቀምበታለን። እሱ የሥራ መመሪያ አድርጎታል። ስብሰባው የታቀደው ከሦስት ወር በፊት ነው። በጀቱ ጸድቋል። አዳራሹ ተይዟል። ለሻይ ሰዓት ቆሎ ይሁን ኩኪስ በሚለው ላይ ሳይቀር ኮሚቴ ተቀምጧል። ባነሩ ግን ለመጨረሻዋ ምሽት ተቆጥቦ ቆይቷል። "ለዛሬ ማታ ይደርሳል አይደል?" ይላል፣ ገና እግሩ ከደጃፍ ሳይገባ። ምን እንደሚታተም፣ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ምን እንደሚጻፍበት አልተናገረም። መድረሱን ግን አረጋግጧል።

"ሎጎ ይዘሃል?"

"ሞልቶ!"

ስልኩን ያወጣል። የላይኛውን ፎቶ ያሳየኛል። የመሥሪያ ቤታቸው ታፔላ ነው፤ ከታክሲ መስኮት ሆኖ ያነሳው። ታፔላው ጋደም ብሏል። ግማሹን ዛፍ ጋርዶታል። በመሃሉ የመብራት ገመድ ተወጥሮ አልፏል። ገመዱ ላይ ወፍ አለች።

"ገመዷን ታጠፋታለህ። በፎቶሾፕ የአንድ ደቂቃ ሥራ ናት" ይለኛል። ወፏንስ አላልኩትም። ምናልባት የአርማው አካል ትሆናለች ብዬ ነው።

ኦሪጅናሉን ፋይል ብጠይቀው "የሠራልን ልጅ ውጭ ሄዷል" አለኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውያለሁ። የዚህች አገር ሎጎዎች ኦሪጅናል በሙሉ ውጭ ነው ያለው። ግማሹ ዱባይ፣ ግማሹ ዲሲ። አገር ውስጥ የቀረው ታፔላው ብቻ ነው። ልጁ ሲሄድ ፋይሉን በፍላሽ ተቀብሎ ማስቀረት ይቻል ነበር። ግን እንደዚያ ያለ ንፍገት የኛ ደንበኛ አያውቅበትም።

ለሒሳብ ያለውን ንቀትም ላወድስ። ከፌስቡክ ላይ የወረደች 400 ፒክስል (ምስሉን የሚሠሩት ነጥቦች) ስፋት ያላት ምስል 3 ሜትር ባነር ላይ ልትዘረጋ ነው። 3 ሜትርን ለ400 ስታካፍሉት እያንዳንዷ ነጥብ 7 ሚሊ ሜትር ተኩል ትሆናለች። ሽምብራ ታክላለች ማለት ነው። ሰው በእጁ ይዞ ለሚያነበው የቀለም ሕትመት የሚፈለገው በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ነው። ኤ4 ወረቀት ብቻውን 2480 በ3508 ፒክስል ይጠይቃል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በጣም ባነሰም ይሠራል፤ ያም ሆኖ ሽምብራ አይፈቀድም። ይህን በትዕግሥት አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ። ከዚያ ስልኩን በሁለት ጣቱ አጉልቶ "ይኸው እኮ፣ ጥርት ብሎ ይታያል" አለኝ። ምን እመልሳለሁ?

ቴሌግራም ሲመጣ ደግሞ ጥበቡ ሌላ ደረጃ ደረሰ። ምስሉ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ይጨምቀዋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ እንዳለ ያደርሰዋል። ልዩነቱ አንድ ቁልፍ መንካት ነው። ስለዚህ "በፋይል ላክልኝ" አልኩት። "እሺ ብሮ" አለ። የፎቶውን ስክሪንሾት አንሥቶ ላከ። ባትሪው 9 ፐርሰንት መሆኑን በዚያው አወቅሁ። ከ"ውዴ" ሦስት ሚስድ ኮል እንዳለበትም ተረዳሁ። ባነሩ ላይ አብሮ ቢወጣ ለተሳታፊዎች ጥሩ መረጃ ነበር።

ጽሑፉን በማይክሮሶፍት ወርድ ያመጣል። ይህም ያስመሰግነዋል፤ አንዳንዱ በደረሰኝ ጀርባ ነው የሚያመጣው። ወርዱን ስከፍተው ግን አማርኛው የለም። ላቲን ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ተተራምሶ ይጠብቀኛል። የኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እሱ ግን ከዚያ በፊት የነበረው፣ አማርኛውን በላቲን ፊደል ቦታ የሚያስቀምጠው ፎንት ባለአደራ ሆኖ እስከ ዛሬ ጠብቆ አቆይቶታል። "ፎንቱን አምጣልኝ፣ ወይ ወደ ፒዲኤፍ ቀይረህ ላከው" ስለው "እኛ ቢሮ በደንብ ይከፍታል" ይላል። ይከፍታላ። ባነሩን ቢሮአቸው ብናትመው እንዴት ጥሩ ነበር።

ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው የእርሳስ ፊደል እያነሱ መደርደር ነበር። ፊደላችን ከ200 በላይ ነው፤ ለቃሚው እያንዳንዱን ከሳጥኑ በእጁ ነው የሚያወጣው። ስለዚህ አሳታሚው ጽሑፉን አንብቦ፣ አርሞ፣ አስተካክሎ ነበር የሚሰጠው። ምን ያህል ኋላ ቀር እንደነበሩ እዩ። ዛሬ እኔ "በሚል መሪ ቃል" የሚለውን እየተየብኩ ሳለ መሪ ቃሉ ገና በስልክ እየተወሰነ ነው።

ከዚያ የቀለም ጉዳይ ይመጣል። ስክሪን በብርሃን ነው የሚያሳየው። ማተሚያው ያለው ግን አራት ቀለም ነው፦ ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር። ስልክ ላይ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ከነዚህ ከአራቱ አይወጣም። ደንበኛችን ይህን የተፈጥሮ ሕግ በግሉ አልተቀበለውም። የስልኩን ብርሃን ጥግ ድረስ ከፍ ያደርግና ከወረቀቱ ጎን ይዞ "ይኸው ልዩነቱን እየው" ይለኛል። አየሁት። ወረቀቱ መብራት የለውም።

ፎቶው ዳር ድረስ እንዲሞላ ከተፈለገ በየጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይተዋል። አለዚያ መቁረጫው ትንሽ ከሳተ ነጭ መስመር ይቀራል። እሱ ግን ስልክ ቁጥሩን ራሱ ጠርዙ ላይ አስደግፎ ያመጣል። የመጨረሻዋ ቁጥር ብትቆረጥም ደዋዩ አሥር ጊዜ ሞክሮ ያገኘዋል።

የዋጋውን ክርክር ሳላነሳ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ኦፍሴት በሚባለው ማተሚያ ላይ ባለ ሙሉ ቀለም ሥራ ለአንድ ገጽ አራት ፕሌት፣ ማለትም ለየቀለሙ አንድ የማተሚያ ሰሌዳ ይፈልጋል። 100 አሳተምክ 1000፣ ፕሌቱ ያው ነው። ማሽኑን ማስተካከሉም ያው ነው። ለዚህ ነው ብዛት ሲጨምር የአንዱ ዋጋ የሚወርደው። ደንበኛችን "1000 ብሮሸር አንዱ ስንት ይገባል?" ብሎ ይጠይቃል። እነግረዋለሁ። ካልኩሌተሩን ራሱ ይነካካል፣ ይደሰታል። "በቃ፣ በዚሁ ዋጋ 30 አድርግልኝ" ይላል። ካመነታሁ "በሚቀጥለው ብዙ ሥራ ይዤልህ እመጣለሁ" ይላል። ያ የሚቀጥለው ሥራ ቢመጣ ኖሮ ስንቱን ወረቀት ባስጨረሰን ነበር!

ወረቀቱ ከውጭ ነው የሚመጣው። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ፕሮፎርማችን ላይ የጻፍነው ዋጋ የሚጸናው ለጥቂት ቀን ነው። እሱ ግን የ2014ቱን ደረሰኝ አጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ ይዟል። እንደ ክታብ። ያንን ሲያወጣ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ራሳቸው ወደ ጓሮ ይገባሉ።

ፕሮፎርማ ካልኩ አይቀር፣ የመሥሪያ ቤት ግዥ ሠራተኛው የተለየ ምስጋና ይገባዋል። ሕጉ እንዲወዳደር ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ ይለዋል። እሱም ለጫማው አዝኖ "የሌሎቹን ሁለቱንም ከጎረቤት አንተው አምጣልኝ፣ ትንሽ ወደድ ይበሉ" ይለኛል። ውድድሩ ይካሄዳል። እናሸንፋለን።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምሰግድለት ግን ለማጽደቅ ችሎታው ነው። ማንም ሰው ያላነበበውን በዚህ ፍጥነት ሊያጸድቅ አይችልም። ባለፈው ጥር አንድ አባት የልጃቸውን የሰርግ ካርድ ሊያሳትሙ መጡ። 500 ካርድ፣ በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት፣ ስማቸው በወርቅማ። ዲዛይኑን ከኢንተርኔት መርጠው ነው የመጡት። እንግሊዝኛው ላይ 12:00 ይላል። ምሳ ነው፣ እኩለ ቀን። አማርኛውን ራሳቸው ጽፈው ሰጡኝ፤ "ከቀኑ 12:00 ሰዓት" ይላል። ይህ ምሳ ሳይሆን ማታ ነው።

ናሙናውን በቴሌግራም ላክሁላቸው። "ጋሼ፣ ከማተሜ በፊት ሁሉንም ያንብቡልኝ። በተለይ ሰዓቷን" አልኩ። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ አውራ ጣት መጣ። ደወልኩ። "አይቼዋለሁ የኔ ልጅ፣ አበባው በጣም ያምራል" አሉኝ። "ሰዓቱስ ጋሼ?" "እሱም ያምራል። ዝም ብለህ አትመው፣ ቤተ ዘመዱ ካርድ እየጠበቀ ነው።" ወዲያው ሌላ መልእክት ገባ። ደስ አለኝ፣ አነበቡት ብዬ። "ጸጋዬ" የሚለውን በፀሐዩ "ፀ" አድርግልኝ ይላል። በሁለቱም ይጻፋል፤ አደረግሁት። ታተመ።

ሊወስዱ ሲመጡ የሆነውን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ካርዱን አንሥተው መነጽራቸውን አደረጉ። ወደ መስኮቱ ተጠጉ። ከላይ እስከ ታች፣ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ድምፅ እያወጡ አነበቡ። እንዲያ ያለ አራሚ የትም አይገኝም። የአዳራሹ ስም ላይ ቆሙ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓቱ ላይ ደረሱ።

"አንተ ልጅ! ይኼ ምንድነው?"

ስልኬን አሳየኋቸው። አውራ ጣቷ አለች። ጥሪውም አለ።

"እሱማ የላክሁት ለአበባው ነው" አሉ።

እውነታቸውን ነው፣ ስለ አበባው ነግረውኛል። ደግሞ ለመክፈል አላንገራገሩም፤ ይህን መካድ አይቻልም። 500 ካርድ እንደገና ከማተም ሰዓቷ ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ስቲከር ትውጣ ተባለ። ተስማማን። "እንዳንሳሳት ጋሼ፣ በጽሑፍ ይላኩልኝ" አልኩ። "ቤት ገብቼ እልክልሃለሁ" ብለው ሄዱ።

ማታ ላኩ። በድምፅ ነው። ከጀርባው ሕፃን ያለቅሳል፣ ቴሌቪዥን ይጮሃል። "ስድስት ሰዓት ብለህ... ቆይ፣ እናቷን ልጠይቃት" ይልና ይቋረጣል።